ኤችዲኤል ከፍ ብሎም ልብ ሲታመም፦ የደም ቅባት ከሕዝብ ሕዝብ የሚለያየው ለምንድን ነው?

በአሜሪካ ለአሥርት ዓመታት በተሰበሰቡ የደም ምርመራዎች አንድ ነገር ደጋግሞ ታይቷል። ጥቁር አሜሪካውያን ከነጮች ጋር ሲነጻጸሩ «ጥሩው ኮሌስትሮል» የሚባለው ኤችዲኤል በአማካይ ከፍ ይልባቸዋል፤ በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ስብ፣ ትራይግሊሰራይድ፣ ደግሞ ዝቅ ይልባቸዋል። ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው ልባቸው ከሌላው የተሻለ ጤነኛ ነው ብሎ ይደመድማል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ በልብ ሕመምና በስትሮክ በለጋ ዕድሜ የሚሞቱት እነሱ ይበዛሉ።

ይህ ግጭት የሚፈታው ሁለት ነገሮችን ለይቶ በማየት ነው። አንደኛው፣ በሕዝቦች መካከል በእርግጥ ያለው የአማካይ ልዩነት ምን ያህል ነው፣ ከየትስ መጣ የሚለው ነው። ሁለተኛው ልዩነቱ ለአንድ ታካሚ ምን ይጠቅመዋል የሚለው ነው። ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በሜሪላንድ ወይም በቨርጂንያ የሚታከም ኢትዮጵያዊ ቅጽ ሲሞላ ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር በአንድ ሳጥን ይመደባል። አዲስ አበባ የተመረመረውም ውጤቱ የሚነጻጸርበት «መደበኛ» ቁጥር በአብዛኛው የተወሰደው ከሌላ አገር ሕዝብ ነው።

ከቁጥሮቹ እንጀምር

ኮሌስትሮልና ስብ በውኃ አይሟሙም፤ ስለዚህ በደም ውስጥ የሚዘዋወሩት ሊፖፕሮቲን በሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ተሸክመው ነው። ኤልዲኤል ኮሌስትሮልን ወደ ሰውነት ክፍሎች ያደርሳል፤ ሲበዛ በደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ እየገባ ይከማቻል፣ ቧንቧውንም ያጠባል። ኤችዲኤል የተረፈውን ሰብስቦ ወደ ጉበት ከሚመልሱት መንገዶች አንዱ ነው። ትራይግሊሰራይድ ለኃይል የሚውል ስብ ሲሆን በምግብ፣ በአልኮልና በስኳር በሽታ ቶሎ ይለዋወጣል።

ብዙ ላብራቶሪዎች ኤልዲኤልን በቀጥታ አይለኩም፤ ያሰሉታል። በ1972 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የፍሪድዋልድ ስሌት ከጠቅላላ ኮሌስትሮል ላይ ኤችዲኤልን፣ ከዚያም የትራይግሊሰራይድን አንድ አምስተኛ ይቀንሳል። ጠቅላላው 210፣ ኤችዲኤሉ 62፣ ትራይግሊሰራይዱ 80 ሚሊግራም በዴሲሊትር የሆነ ሰው እንውሰድ። የ80 አንድ አምስተኛ 16 ነው። 210 ሲቀነስ 62፣ ሲቀነስ 16፣ ኤልዲኤሉ 132 ይመጣል። ትራይግሊሰራይድ ከ400 ካለፈ ይህ ስሌት አይሠራም፤ ኤልዲኤል በቀጥታ መለካት አለበት። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ውጤቱ የሚጻፈው በሚሊሞል በሊትር ነው። ኮሌስትሮልን ወደዚያ ለመቀየር ለ38.67፣ ትራይግሊሰራይድን ለመቀየር ለ88.57 ማካፈል ነው፤ ስለዚህ ያ 132 እዚያ 3.4 ተብሎ ይነበባል።

ለዚህ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ጠቅላላው ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ግን ጥሩው ስለበዛ ችግር የለውም» የሚል ነው። ጠቅላላውን ለኤችዲኤል ሲያካፍሉት 3.4 ይመጣል፤ በተለመደው መለኪያ ይህ መልካም ነው። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከፍ ያለ ኤችዲኤል ሬሾውን አሳምሮ 132 የሆነውን ኤልዲኤል ይሸፍነዋል። ሰውየው የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ ካለበት ደግሞ 132 በዝምታ የሚታለፍ ቁጥር አይደለም። ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤልን ብቻ ቀንሶ የሚገኘው ቁጥር፣ በዚህ ምሳሌ 148፣ ከሬሾው ይልቅ ታማኝ ነው፤ የደም ቧንቧ የሚያቆሽሹትን ቅንጣቶች ሁሉ ያጠቃልላል፣ ለመለካትም ጾም አይፈልግም።

የሚለያየው ምኑ ነው? ከየትስ መጣ?

በጥቁርና በነጭ አሜሪካውያን ወንዶች መካከል ያለው የኤችዲኤል አማካይ ልዩነት ከ5 እስከ 7 ሚሊግራም አካባቢ ነው፤ በሴቶች ጠበብ ይላል። የትራይግሊሰራይዱ ልዩነት ከ20 እስከ 30 ሚሊግራም ይደርሳል። በኤልዲኤል ግን ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው። እዚህ ላይ መዘንጋት የሌለበት፣ በአንድ ሕዝብ ውስጥ ባሉ ሰዎች መካከል ያለው የኤችዲኤል መራራቅ ከዚህ በእጅጉ የሰፋ መሆኑ ነው። በዘፈቀደ የተመረጡ ሁለት ጥቁር አሜሪካውያን በ20 ሚሊግራም ቢለያዩ አይገርምም። የአንድን ሰው የቆዳ ቀለም አይቶ የደም ቅባቱን መገመት የማይቻለው ለዚህ ነው።

ከልዩነቱ ጀርባ ሁለት ኢንዛይሞች አሉ። ሊፖፕሮቲን ላይፔዝ የሚባለው በደም ሥር ግድግዳ ላይ ሆኖ ትራይግሊሰራይድን ይሰባብራል፤ በጥቁር አሜሪካውያን ላይ በአማካይ በርትቶ ይሠራል፣ ስለዚህ ትራይግሊሰራይዱ ይቀንሳል። ሄፓቲክ ላይፔዝ የሚባለው በጉበት ያለ ኢንዛይም ደግሞ ኤችዲኤል ቶሎ እንዲፈርስ ያደርጋል። የዚህን ኢንዛይም ምርት የሚቀንስ አንድ የዘረ መል ዓይነት በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ በስፋት ይገኛል፤ ኢንዛይሙ ሲያንስ ኤችዲኤል በደም ውስጥ ይቆያል።

ሌሎች ሕዝቦችም የየራሳቸው ገጽታ አላቸው። ከሕንድ፣ ከፓኪስታን፣ ከባንግላዴሽና ከስሪላንካ የመጡ ሰዎች ዘንድ ኤችዲኤል ዝቅ፣ ትራይግሊሰራይድ ከፍ ይላል፤ ኤልዲኤሉ ቁጥሩ መካከለኛ ቢሆንም ቅንጣቶቹ ትንንሽና ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው። በ52 አገሮች የተደረገውና በ2004 የታተመው ኢንተርሃርት ጥናት የደቡብ እስያ ሰዎች የመጀመሪያው የልብ ጥቃት የሚይዛቸው በሌላው ዓለም ካሉት 5 ዓመት ያህል ቀድሞ መሆኑን አሳይቷል። በሜክሲኮና በአካባቢው፣ ከነባሩ የአሜሪካ ሕዝብ በተወረሰ ኤቢሲኤ1 በተባለ ዘረ መል ላይ ባለ ለውጥ ምክንያት ኤችዲኤል ዝቅ የሚልባቸው ብዙ ናቸው።

አንድ የተወረሰ ባሕርይ በአንድ ማኅበረሰብ ውስጥ የሚበዛው ግን ዘር ስለሚባለው ሰፊ ክፍልፍል ሳይሆን ስለዚያ ማኅበረሰብ ታሪክ ነው። ከልደት ጀምሮ ኤልዲኤልን የሚያንረው የቤተሰብ ኮሌስትሮል በሽታ በአብዛኛው ዓለም ከ250 እስከ 300 ሰዎች ውስጥ አንዱን ይይዛል። በደቡብ አፍሪካ አፍሪካነሮች በሚባሉት ነጮች ዘንድ ግን ከ100 ሰዎች ውስጥ ወደ አንድ ይጠጋል። ምክንያቱ ከአውሮፓ ከመጡት ጥቂት የመጀመሪያ ሰፋሪዎች መካከል ለውጡን የያዙ ሰዎች መኖራቸው ነው። «ነጭ» የሚለው ሳጥን ይህን አይነግርም። «ጥቁር» የሚለውም እንዲሁ፤ በዘረ መል ከሁሉም አህጉር ይልቅ የተለያየ ሕዝብ ያለው በአፍሪካ ነው። የኢትዮጵያዊንና የናይጄሪያዊን የደም ቅባት በአንድ ስም ጠርቶ አንድ ነው ማለት ማስረጃ የሌለው ድምዳሜ ነው።

ኤችዲኤል ለምን አላዳነም?

ኤችዲኤል «ጥሩ» የሚል ስም ያገኘው በ1970ዎቹ፣ በተለይ በማሳቹሴትስ ግዛት በምትገኘው ፍሬሚንግሃም ከተማ በተደረገው ጥናት ነው። ተጠኚዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጮች ነበሩ። ኤችዲኤላቸው ዝቅ ያለባቸው በልብ ሕመም ይበልጥ ስለታመሙ፣ ከፍ ማለቱ ይከላከላል የሚለው ግምት በመላው ዓለም ሕግ ሆነ።

ግምቱ ሲፈተን አልጸናም። ቶርሴትራፒብ የተባለ መድኃኒት ኤችዲኤልን በ72 በመቶ ከፍ አድርጎ ነበር። ሙከራው በታኅሣሥ 2006 የተቋረጠው መድኃኒቱን ከወሰዱት የሞቱት ካልወሰዱት ስለበዙ ነው። በ2022 ደግሞ ሪጋርድስ ከተባለው የአሜሪካ ጥናት፣ ወደ 24 ሺህ የሚጠጉ ጥቁርና ነጭ ሰዎችን ለ10 ዓመት ያህል ተከታትሎ ይበልጥ ግልጽ የሆነ ውጤት ወጣ። ዝቅተኛ ኤችዲኤል የልብ ሕመምን አስቀድሞ ያመለከተው በነጮች ላይ ብቻ ነበር። ከፍተኛ ኤችዲኤል ደግሞ ሁለቱንም አልጠበቀም። ኤልዲኤልና ትራይግሊሰራይድ ግን በሁለቱም ላይ አደጋን ጠቁመዋል።

እንግዲህ «ጥሩው ብዙ ስለሆነ» ብሎ ሕክምና ማዘግየት በማንም ላይ ልክ አይደለም፤ ጉዳቱ የሚብሰው ግን ኤችዲኤል በተፈጥሮ ከፍ በሚልበት ሕዝብ ላይ ነው። አደጋን የሚያሰሉ ቀመሮች ለኤችዲኤል ነጥብ ስለሚሰጡ፣ የጥቁር ታካሚን አደጋ አሳንሰው ሊያሳዩ ይችላሉ።

ዝቅተኛ ትራይግሊሰራይድም ያታልላል። ኢንሱሊን በአግባቡ አለመሥራቱን ለመጠርጠር ሐኪሞች ከሚያዩአቸው ምልክቶች አንዱ ትራይግሊሰራይድ 150 መድረሱ ወይም ማለፉ ነው። በአፍሪካ ተወላጆች ላይ ግን ኢንሱሊን ተዳክሞ፣ ስኳር በሽታ ደጅ ላይ ደርሶም ትራይግሊሰራይዱ 90 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የደም ቅባቱ መልካም ቢመስልም ወገብን መለካት፣ የጾም ስኳርን ወይም የ3 ወር አማካይ የሚያሳየውን ኤችቢኤዋንሲ ማየት፣ የደም ግፊትን መከታተል አይቀርም። በጥቁር አሜሪካውያን ላይ ልብንና አንጎልን በዋናነት የሚጎዳው የደም ግፊት ነው፤ የደም ቅባት ወረቀት እሱን አይናገርም። የኑሮ ጫናና የሕክምና እጦትም በየትኛውም ቱቦ አይለኩም፤ ድርሻቸው ግን ትልቅ ነው።

በተለመደው ምርመራ የማይታየው ቅንጣት

ሊፖፕሮቲን ኤ፣ በሐኪሞች አጠራር «ኤልፒ ትንሿ ኤ»፣ ከኤልዲኤል ጋር የሚመሳሰል፣ ተጨማሪ ፕሮቲን የተጠመጠመበት ቅንጣት ነው። የደም ቧንቧን ያጠባል፣ የልብ ቫልቭንም ያደድራል። መጠኑ በአመዛኙ የሚወሰነው በውርስ ነው፤ ምግብና ስፖርት እምብዛም አይለውጡትም፣ ስታቲን የሚባሉት የኮሌስትሮል መድኃኒቶችም አይቀንሱትም።

በሕዝቦች መካከል ያለው ልዩነት ጎልቶ የሚወጣው በዚህ ነው። ባዮባንክ በተባለው የብሪታንያ ትልቅ የጤና መረጃ ማከማቻ በተመዘገቡ ሰዎች ላይ የመሃከለኛው ሰው መጠን በነጮች 19፣ በቻይናውያን 16፣ በደቡብ እስያ ሰዎች 31፣ በጥቁሮች 75 ናኖሞል በሊትር ነበር። ከኤችዲኤል የጥቂት ሚሊግራም ልዩነት ጋር ሲነጻጸር ይህ በጣም ሰፊ ነው። ከፍ ባለ ቁጥር አደጋውን በሁሉም ሕዝብ ላይ በተቀራራቢ መጠን ይጨምራል፤ «በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው» ተብሎ የሚናቅ አይደለም።

ከ125 ናኖሞል በሊትር፣ ወይም ከ50 ሚሊግራም በዴሲሊትር በላይ ከሆነ ከፍተኛ ይባላል። ሁለቱን መለኪያዎች በአንድ ቁጥር አባዝቶ መለዋወጥ አይቻልም፤ የቅንጣቱ መጠን ከሰው ሰው ስለሚለያይ ስሌቱ ይሳሳታል። ውጤቱ በየትኛው መለኪያ እንደተጻፈ ሳያዩ ከጓደኛዎ ወረቀት ጋር አያነጻጽሩት። ምርመራው በዕድሜ ልክ አንድ ጊዜ ይበቃል። ከፍ ብሎ ከተገኘ ወንድም፣ እህትና ልጆችም ቢመረመሩ ይመከራል፤ ታካሚው ራሱ ደግሞ ኤልዲኤሉን፣ ግፊቱንና ትንባሆን ከሌላው በጠበቀ ሁኔታ መቆጣጠር አለበት።

ከጥቁር ሕዝብ የተገኘው መድኃኒት

የሕዝቦች ልዩነት ጥናት ለዓለም ሁሉ ካበረከታቸው ነገሮች ትልቁ ይህ ነው። ጉበት ኤልዲኤልን ከደም የሚያነሳው በላዩ ባሉት ተቀባዮች ነው። ፒሲኤስኬ9 የተባለ ፕሮቲን ከተቀባዩ ጋር ተጣብቆ እንዲፈርስ ያደርገዋል። ፕሮቲኑ ሲበዛ ተቀባይ ያንሳል፣ ኤልዲኤል ይንራል፤ ሲጠፋ ተቀባዮቹ እየተመላለሱ ይሠራሉ።

በቴክሳስ የዳላስ ተመራማሪዎች ሄለን ሆብስና ጆናታን ኮኸን ኤልዲኤላቸው እጅግ ዝቅ ያለ ሰዎችን ዘረ መል ሲመረምሩ፣ ይህን ፕሮቲን ከሥራ ውጭ የሚያደርጉ ሁለት ለውጦችን በጥቁር አሜሪካውያን ላይ አገኙ። በ2006 ባሳተሙት ሥራ፣ ከ3,363 ጥቁር ተሳታፊዎች 2.6 በመቶው ከለውጦቹ አንዱን ይዘው ተገኙ። ኤልዲኤላቸው ከሌሎቹ በ28 በመቶ ያነሰ ነበር፤ በ15 ዓመት ክትትል ግን የልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በ88 በመቶ ቀንሶ ታየ። ብዙዎቹ የደም ግፊት እያለባቸው ነው ይህ የሆነው። ከሁለቱም ወላጆቿ ለውጥ የወረሰች አንዲት ሴት ኤልዲኤሏ 14 ብቻ ሆኖ ፍጹም ጤነኛ ነበረች።

የ28 በመቶ ቅናሽ ለምን የ88 በመቶ ጥበቃ ሰጠ? ቅናሹ ከልደት ጀምሮ ስለሆነ ነው። በ60 ዓመት መድኃኒት የጀመረ ሰው ቧንቧው ለአሥርት ዓመታት ተጎድቶ የቆየ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ግን ያ ጉዳት አልተጠራቀመባቸውም። በዚህ ግኝት ላይ ተመሥርተው በ2015 ኢቮሎኩማብና አሊሮኩማብ የተባሉ በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶች ተፈቀዱ። ለሁሉም ሕዝብ ይሠራሉ።

ምግብና ቦታ ሲቀየር

ውርስ ብቻውን እንደማይወስን በግልጽ ካሳዩት አንዱ በሜክሲኮ ተራሮች የሚኖሩት ታራሁማራዎች ናቸው። በበቆሎና በባቄላ የሚኖሩ፣ ኮሌስትሮላቸው እጅግ ዝቅ ያለ ሕዝብ ናቸው። በ1991 በታተመ ጥናት 13 ሰዎች ለ5 ሳምንት ስብና ስኳር የበዛበት የሀብታም አገር ምግብ ተመገቡ። አማካይ ኮሌስትሮላቸው ከ121 ወደ 159 ዘለለ፤ በአማካይ 3.8 ኪሎ ጨመሩ። ዘረ መላቸው ያው ነው። በዓለም ደረጃም እንዲሁ፦ በ1980 ከፍተኛ ኮሌስትሮል የምዕራባውያን ምልክት ነበር፤ በ2018 ግን በእነሱ ዘንድ ወርዶ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ወጥቷል።

በ1984ና በ1991 በዘመቻ ወደ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያንም ሲገቡ ቀጫጮች፣ ስኳርና ግፊት ብዙም የማያውቋቸው ነበሩ። ዓመታት ሲቆዩ ክብደታቸው፣ ግፊታቸውና የስኳር በሽተኞቻቸው ቁጥር ጨመረ። ወደ አሜሪካና ወደ ገልፍ አገሮች የሄደ ሰው በአገር ቤት የተመዘገበ ውጤቱን እንደ ዋስትና መያዝ የለበትም።

በአገር ቤት ደግሞ ውጤትን የሚያዛባ የራሳችን ነገር አለ። ሥጋ፣ ቅቤና ወተት ለ55 ቀን ከተተወ በኋላ በዐቢይ ጾም መጨረሻ የተወሰደ ደምና ከፋሲካ 3 ሳምንት በኋላ የተወሰደ ደም የአንድ ሰው ሆነው ሊራራቁ ይችላሉ። ለሐኪሙ የትኛው እንደሆነ መንገር ያስፈልጋል። የጾም ምግብ ሁሉ ግን ቀላል አይደለም፤ ወጡ የተሠራው በሚረጋው የፓልም ዘይት ከሆነ ከስቡ ግማሽ ያህሉ ኤልዲኤልን የሚያንረው ዓይነት ነው። የኑግ ዘይት በዚህ በኩል እጅግ ይሻላል። ተፈልቶ በወረቀት ሳይጣራ የሚጠጣ ቡናም ካፌስቶል የተባለ ዘይታማ ነገር ስላለው፣ ሲበዛ ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል፤ በጀበናው አፍ የሚደረገው ማጥለያ አተላውን እንጂ ዘይቱን አያስቀረውም።

ካላዛርና ሌሎች ከባድ ኢንፌክሽኖች ኤችዲኤልን ክፉኛ ስለሚያወርዱ፣ በሕመም ጊዜ የተወሰደ ውጤት ከዳኑ ሳምንታት በኋላ መደገም አለበት። እርግዝና ደግሞ ሁሉንም ከፍ ያደርጋል። ለምርመራ ደም ከመሰጠቱ በፊት 5 ደቂቃ ተቀምጦ መቆየት፣ ክንድ የሚታሰርበት ላስቲክም ከ1 ደቂቃ በላይ እንዳይቆይ ማሳሰብ ይገባል፤ ሲቆይ ደሙ እየጠነከረ ኮሌስትሮሉን ከልኩ በላይ ያሳያል።

መድኃኒት ላይ ሲደርስ

የኤልዲኤል መቀነስ የሚሰጠው ጥቅም ዘር አይመርጥም፤ በየ39 ሚሊግራም ቅናሽ የልብና የስትሮክ ጥቃት በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። በመድኃኒቱ አጠቃቀም ላይ ግን መጠንቀቅ የሚያስፈልግባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። ሮሱቫስታቲን የተባለው ስታቲን በምሥራቅ እስያ ሰዎች ደም ውስጥ ከነጮች እጥፍ ያህል ስለሚሆን በ5 ሚሊግራም እንዲጀመር ይመከራል። ይህ ለአፍሪካ ተወላጆች የተሰጠ ማሳሰቢያ አይደለም፤ በቅጽ ስህተት ዝቅተኛ መጠን የሚሰጠው ሰው ተገቢውን ሕክምና ያጣል።

ሁለተኛው ሲኬ የሚባለው የጡንቻ ኢንዛይም ነው። በጥቁር ሰዎች፣ በተለይ በወንዶች፣ በተፈጥሮ ከፍ ይላል፤ ጤነኛ ሆኖ ላብራቶሪው ካሳተመው ጣሪያ የሚያልፍ ብዙ ነው። ስታቲን ከተጀመረ በኋላ ይህ ቁጥር ታይቶ «መድኃኒቱ ጡንቻ ጎዳ» ተብሎ ያለ ምክንያት የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ አስለክቶ ውጤቱን መያዝ። የጡንቻ ሕመም ኖሮ ሲኬው ከጣሪያው 10 እጥፍ ካለፈ መድኃኒቱ ወዲያውኑ ይቆማል፤ ሕመም ሳይኖር በመጠኑ ከፍ ያለ ከሆነ ግን ከመጀመሪያው ቁጥር ጋር ይነጻጸራል። መድኃኒቱ መሥራቱ የሚታየው ከ4 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ በሚደረግ ድጋሚ የኤልዲኤል ምርመራ ነው።